ታቦት የሚወጣባቸው ሁለት መንገዶች
(በደብራችን የምሥረታ በዓል ላይ ከተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



የዛሬው ቀን ታቦታችን ወደ ሲያትል የገባበትን ዕለት ያስታውሰናል። በጳጳስ ቡራኬ፣ በካህናት ራስ ላይ፣ በእናቶች እልልታ በዝናብ መካከል ተቀበልነው። ከአገራችን በሌላ መንገድ የወጡ ታቦታት ግን አሉ። ስለ እነርሱ መናገሬ የተሰጠንን ጸጋ መጠን እንድናውቅ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ማግስት፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከመማረክ ሞትን መረጡ። ጦሩ የመጣው የታሰሩ አውሮፓውያንን ለማስፈታት ነበር፤ እነርሱ ከተለቀቁ በኋላ ግን ግምጃ ቤቱና የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተዘረፉ። ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀል፣ የብራና መጻሕፍትና ታቦታት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው ወረዱ፤ በደላንታ ሜዳ ላይም ለጨረታ ቀረቡ። የብሪቲሽ ሙዚየም የላከው ገዥም በዚያው ነበረ። የአሻንቲ ወርቅ እ.ኤ.አ. በ1874፣ የቤኒን ነሐስ በ1897 የተወሰዱት በዚሁ ልማድ ነው።

አባቶቻችን ዝም አላሉም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በነገሡበት በ1864 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ጽፈው ክብረ ነገሥት እና ኲርዓተ ርእሱ የተባለው ሥዕል እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። መጽሐፉ ተመለሰ፤ ሥዕሉ አልተመለሰም። ሃያ አራት ዓመት ሳይሞላ ዓድዋ ላይ በጦር የመለሰችው አገር፣ አስቀድማ በብዕር መጠየቅን ታውቅ ነበር።

ለልጆቻችን እውነቱን ሳንከፍል እንንገራቸው። መቅደላ ከተከማቸው ሀብት ብዙው ንጉሡ ራሳቸው ከጎንደር አድባራት ያስወሰዱት ነበር። ይህን መሸሸግ አይጠቅመንም። ንጉሥ በገዛ ሕዝቡ ላይ የፈጸመው በደል ግን ለባዕድ የባለቤትነት መብት አይሰጥም።

አንድ ተማሪያችን በሰንበት ትምህርት ቤት «ሌላ ታቦት ማስቀረጽ አይቻልም ወይ? ለምን እንጠይቃለን?» ብሎ ነበር። ልጄ፣ ማስቀረጽስ ይቻላል። ነገር ግን በፊቱ የተቀደሰበትን፣ ሕዝብ የሰገደለትን ታቦት እንደ ተራ ዕቃ ብንተካው፣ የዘረፉት ሰዎች ያሰቡትን እኛም ማሰባችን ነው። የእናቱ መቃብር የተወሰደበት ሰው ሌላ ድንጋይ ቢሰጡት አይጽናናም።

ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። ሙዚየሙ ከሚጠቅሳቸው መከልከያዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ሕግ ነው። ሊታዩ የማይገባቸው መሆኑን ተቀብሎ፣ ወደሚገባቸው ስፍራ አለመመለስ ምን ይባላል?

ተስፋ ግን አለ። በስኮትላንድ፣ ኤዲንብራ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሳጥን ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ተገኘ። ያገኘው ካህን ምንነቱን ስላወቀ ቤተ ክርስቲያኑ በፈቃዱ መለሰው፤ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ በታላቅ ደስታ ተቀበለችው። ያን በር የከፈተው የአንድ ሰው ዕውቀትና ሕሊና ነው።

ስለዚህ በዚህ ከተማ ተወልዳችሁ እንግሊዝኛን እንደ አፍ መፍቻ የምትናገሩ ልጆች ሆይ፣ ዐፄ ዮሐንስ ያስጻፉት ዓይነት ደብዳቤ ዛሬ የእናንተ ድርሻ ነው። በትሕትናና በእውነት ጻፉ፤ ግን ሳታቋርጡ ጻፉ። ወላጆችም ይህን ታሪክ በቡና ሰዓት አንሡ። ታቦት በእልልታ ሲገባ ያየን ትውልድ ነንና፣ ያለ እልልታ የወጡትን የመርሳት መብት የለንም።

እግዚአብሔር ደብራችንን ይጠብቅልን፤ የተበተነውን ይሰብስብልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።