አይኤስኦ አይገለበጥም፣ ይጻፋል

ሊኑክስ ለመጫን ዲስክ የሚያዘጋጁ ብዙዎች የሚሰናከሉት ያወረዱትን የአይኤስኦ ፋይል እንደ ዘፈን ዲስኩ ላይ ገልብጠው ሲተዉት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚፈልገው ግን ፋይል ሳይሆን በዲስኩ የታወቀ ስፍራ የተቀመጠ የማስነሻ መዝገብ ነው፤ ኤል ቶሪቶ የተባለው ደንብ ይህን የወሰነው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አይኤስኦ የሙሉ ዲስክ ቅጂ በመሆኑ መዝገቡን በሆዱ ይዟል፤ ስለዚህ ቅጂውን እንዳለ በሚጽፍ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ዲስኩ ሲከፈት ያው አንድ የአይኤስኦ ፋይል ብቻ ከታየ ሥራው ከሽፏል፣ በርካታ ፎልደሮች ከታዩ ግን በትክክል ተጽፏል።

«ፍላሽ እያለ ዲስክ ምን ያደርጋል?» የሚል ይኖራል። ለአዲስ ማሽን እውነቱን ነው፤ የቅርቡ የኡቡንቱ ዴስክቶፕ 4.7 ጊጋባይት በሚይዘው ተራ ዲቪዲ አይገባም። ከፍላሽ መነሳት ለማይችል አሮጌ ኮምፒውተር ግን ዲስክ አሁንም መድኃኒት ነው፣ የዴቢያን አነስተኛ ጫኚም ዲቪዲው ላይ ተርፎት ይገባል። ደግሞስ ፍላሹም ቢሆን፣ ልዩ ፕሮግራም ካልተጫነበት በቀር፣ አይኤስኦ ስለተገለበጠበት ብቻ ኮምፒውተር አያስነሳም። ኢንተርኔት እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ደግሞ ጎዶሎ ሊሆን ይችላልና፣ ከመጻፍዎ በፊት የፋይሉ ማረጋገጫ የሆነውን የሻ-256 (SHA-256) ቁጥር አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር ያመሳክሩ።