የሐኪም ደብዳቤና የምክንያት ድልድይ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሙያችን ውጭ የሚመስል ጉዳይ ይዤ በፊታችሁ መቆሜን ቅር እንዳትሰኙበት እለምናለሁ። ከዘመዶቻችን መካከል በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ አሉና ነገሩ ቤታችን የገባ ነው።

የአክስቴ ልጅ በኢራቅ ጄኔሬተር ሲጠግን ቆይቶ ሲመለስ ጆሮው ቀን ከሌት ይጮኽበት ጀመር፤ መስማቱም እያደር ደከመ። ከዓመታት በኋላ የጉዳት ካሣ ሲጠይቅ፣ ያከሙት ሐኪም «ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመጣ ሊሆን ይችላል» የሚል ሁለት መስመር ጻፉለት። ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ደብዳቤውን አይቼ «ይበቃል» ያልሁት እኔ ነበርሁ። የተሰነጠቀ ምሰሶ አይቶ «ከመሠረቱ ሊሆን ይችላል» ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ ቢያጋጥመኝ ግን ዝም አልልም ነበር።

ሕጉ የሚጠይቀው ዛሬ ያለውን ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመን የደረሰውን ነገር፣ እንዲሁም ሁለቱን የሚያያይዝ ማስረጃ ነው። ሐኪም የሚፈለገው በተለይ ለዚህ ድልድይ ነው። ፍጹም እርግጠኝነት ግን አይጠየቅም፤ ሕመሙ ከአገልግሎቱ የመምጣቱ ዕድል ካለመምጣቱ ዕድል ቢያንስ እኩል ከሆነ ይበቃል። «ሊሆን ይችላል» ከዚህ ልክ በታች ነው። የቀድሞ ወታደሮችን ይግባኝ የሚሰማው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2008 የሐኪም አስተያየት ክብደት በተሰጠው ምክንያት እንደሚለካ ፈርዷል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ሐኪም ስንፈልግ «ማን ይፈርምልናል?» ማለታችንን ትተን «ስለ ጆሮ የሚያውቅ ማን ነው?» አልን። ፈቃድ ያላቸው አንዲት ኦዲዮሎጂስት አገኘን። ወደ ጦሩ ሲገባና ሲሰናበት የተደረጉለትን የመስማት ምርመራዎች፣ የሥራ መደቡንም መዝገብ ይዘን ቀረብን። ባለሙያዋ ከጦሩ በኋላ በፋብሪካ መሥራቱን ሳይደብቁ መዝነው፣ የጄኔሬተሩ ጩኸት ለምን እንደሚያመዝን አስረድተው ጻፉ። የፋብሪካው ነገር እንዲወጣ እኛ አልወደድንም ነበር፤ ደብዳቤውን ያጠነከረው ግን እርሱ ይመስለኛል።

አዲሱን ማስረጃ ውሳኔው በተሰጠ በአንድ ዓመት ውስጥ አስገባን፤ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ማመልከቻ ቀን አይጠፋም። መልሱን ገና እየጠበቅን ነው።

ሁሉም ሕመም ይህን ድካም አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የወጣው ሕግ በጦር ሰፈር ቆሻሻ ማቃጠያ ጭስ ለተጋለጡ ወታደሮች አንዳንድ ነቀርሳዎችንና የመተንፈሻ ሕመሞችን ከአገልግሎት እንደመጡ አድርጎ ይቈጥራል። የመጀመሪያውን ማመልከቻ አዘጋጅተን ከካሣው እንካፈል የሚሉትንም አትስሟቸው፤ ለዚህ ሥራ ዋጋ ማስከፈል በሕግ የተከለከለ ሲሆን፣ በነፃ የሚረዱ ፈቃድ ያላቸው የወታደር ማኅበራት ወኪሎች አሉ።

ተመሳሳይ ጉዳይ ያለበት ዘመድ ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ ብታነጋግሩኝ፣ ያሰባሰብናቸውን የመዝገብ ዓይነቶች አሳያችኋለሁ።