ኮይሎቨር ለማን?

ሰላም፦ አድማጮቻችን፣ መኪናዬን ዝቅ ላድርጋት ለምትሉ፤ ኮይሎቨር፣ ማለትም ሞላው ሾኩ ላይ የተቀመጠበትና ከፍታው የሚስተካከለው ዕቃ፣ ይሻላል ወይስ ከፋብሪካ የመጣው ሾክና ሞላ? ዳዊት፣ አንተ የፋብሪካው ወገን ነህ።

ዳዊት፦ ነኝ። ኮሮላን በመሰሉ መኪኖች የፊቱ ሞላ ድሮም ሾኩ ላይ ነው የሚቀመጠው። ኮይሎቨር የሚጨምረው ማስተካከያውን ነው፤ ጥርስ በወጣለት የሾኩ አካል ላይ የሚዞር ቀለበት አለው። ቀለበቱ ሲወርድ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ሾኩ የሚሠራበት ርቀት ግን አብሮ ሊያጥር ስለሚችል ጠንከር ያለ ሞላ ይደረግለታል። የውድድር አስፋልት ላይ ይህ ትርፍ ነው፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ያን ያህል አታዘነብልም። ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ግን ሾኩ መጨረሻው ድረስ ይገባና ምቱ ቦዲው ላይ ያርፋል።

ሰላም፦ ከፍ አድርጎ መግጠምም ይቻላል እኮ! ደግሞስ ካረጀ ሾክ አይሻልም?

ዳዊት፦ ከፍ ቢልም ሞላው ያው ጠንካራ ነው። ከፍታው በተነካ ቁጥር አላይመንት መታየት አለበት፤ አለዚያ ጎማው ባንድ ጎኑ ያልቃል። ጭቃና አቧራም ጥርሱን ያስይዘዋል። ስለ አሮጌው ሾክ ያልሽው ልክ ነው፤ መፍትሔው ግን ግራና ቀኙን አንድ ላይ በአዲስ መደበኛ ሾክ መቀየር ነው። ኮይሎቨር ለተወዳዳሪ ይገባዋል፤ ቤተሰብ ለሚያመላልስ ሰው ግን ያው ገንዘብ ሾክ፣ ጎማና ፍሬን ላይ ቢውል ያዋጣዋል።