ሙሴ ነርሲስና የእኛ ጡሩምባ

መምህራኖቼ፣ የዶርም ጓደኞቼ፤ ለመተማ ዮሐንስ ሙቀት ይቅርታ፤ እኔ አላመጣሁትም።

ስለ ሙዚቃ ተናገር ስትሉኝ ስለ ራሴ ጡሩምባ ላወራ ነበር። ሳስበው ግን በሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን ልጀምር አልኩ። አርመናዊ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 በዛሬዋ ቱርክ አይንታብ ተወለዱ። አጎታቸው ኬቮርክ፣ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው «አርባ ልጆች» ጋር የመጡት፣ የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት ናቸው። ነርሲስም በ1930ዎቹ መጨረሻ ተከተሏቸው፤ በ1977 እስኪሞቱ ድረስ አገራቸው ይኸው ሆነ።

አርባ ዓመት ገደማ አስተማሩ፣ አቀናበሩ። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትን ኦርኬስትራ መርተዋል፤ በ1955 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ኦርኬስትራም የእሳቸው እጅ አለበት። ከባዱ ሥራቸው ግን ይኼ ነው፦ ቅኝታችን ባለ አምስት ድምፅ ነው። ማሲንቆ ብቻውን ሲሆን ችግር የለም። አንድ መድረክ ሙሉ ነፊ ተሰልፎ ሳክስፎኑ አንድ፣ ትሮምቦኑ ሌላ ሲል ግን የፈረንጁን ስምምነት እንዳለ ከጫንክበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሙሴ ነርሲስ ሁለቱን አስታርቀው፣ እያንዳንዱ ሰው የሚነፋውን ለይተው በኖታ ጻፉ።

ወረቀቱን ልብ በሉልኝ። ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ የቦስተኑ ኤዘር ኦርኬስትራ ሥራዎቻቸውን መልሶ ለመድረክ አብቅቷቸዋል።

እኔ በደርግ ጊዜ እዚሁ በኪነት ቡድን ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ። መሪያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከኦምዱርማን ሬዲዮ እነ መሐመድ ወርዲን እየሰሙ ከጎንደር ዜማ ጋር እያጋቡ ያስነፉን ነበር። የሱዳኑም ባለ አምስት ድምፅ ስለሆነ ይገጥማል፤ ገላባት የሚያልቅበትን ጆሮ አያውቀውም። «ጋሼ፣ ለምን አንጽፈውም?» ብላቸው «ያንተ ጭንቅላት ምን ሊሠራ ነው?» አሉኝ። ሳቅን።

ከስድስታችን ዛሬ ያለነው እኔና ከበሮ መቺው ብቻ ነን። ባለፈው ክረምት ቁጭ ብለን አንድ የሠርግ ዜማቸውን ለመሰብሰብ ሞከርን። እኔ የጡሩምባውን አውቀዋለሁ፣ እሱ የከበሮውን። መሃሉ የለም። የሳክስፎኑ መልስ ምን እንደነበር ሁለታችንም ጠፋብን፤ ያን ቀን እራትም አልበላሁ።

መምህራኖቼ፣ እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። በየቀበሌው እንደኛ ያሉ ሽማግሌ ነፊዎች አሉ። ኖታ መጻፍ የሚችል ተማሪ፣ መቅረጫ አስይዛችሁ፣ ላኩልን። ዘንድሮ ይሁን እንጂ፤ ከበሮ መቺው አሞታል። ነገ ጠዋት መምጣት የምትፈልጉ ካላችሁ እኔ ቤቱ እወስዳችኋለሁ፤ በጊዜ ነው የምንነሳው፣ ከረፈደ ፀሐዩ አያስወጣም።