የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት ዕቅድና አነስተኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ



በመስከረም ወር የክፍል መዝገብ ሲዘጋጅ የሚጻፉት ስሞች በሰኔ ወር ከሚገኙት ስሞች ጋር ሁልጊዜ አንድ ሆነው አይገኙም። በዓመቱ መካከል መልቀቂያ ጠይቆ የሚሄድ ተማሪ አለ፤ መልቀቂያም ሳይጠይቅ የሚቀር አለ። ምክንያቱ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ስንፍና ወይም ሕመም ሆኖ አይገኝም፤ ቤተሰቡ ከሚኖርበት ቤት ስለ ለቀቀ ነው። አከራዩ ኪራይ ጨምሯል፤ ወይም ሰፈሩ ለልማት ተፈልጎ ፈርሷል፤ ወይም፣ ይህ ደግሞ የደስታው ወገን ነው፣ ለአባቱ ወይም ለእናቱ በከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸዋል። እንግዲህ የመኖሪያ ቤት ጉዳይ የማዘጋጃ ቤቱና የመሐንዲሶቹ ብቻ መስሎ ቢታይም በመምህሩ መዝገብ ላይ በየዓመቱ ምልክቱን የሚተው ነገር ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እንደ ጦር ሰፈር ተከፋፍላ ነበር። መኳንንቱ በየጉብታው ግቢያቸውን ሲተክሉ ሎሌውና ወታደሩ፣ ጠጅ ጣዩና ሸማኔው በዙሪያው ጎጆውን ቀለሰ። ዛሬም ብዙው ሰፈር በራሶችና በደጃዝማቾች ስም የሚጠራው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም የተነሣ ባለጸጋውና ድኃው በአንድ አጥር ግራና ቀኝ የሚኖሩባት ከተማ ሆነች። ይህ መልካም ጎን ነበረው፤ ድኃው ከእንጀራው አልራቀም። ቦታው ግን የእርሱ አልነበረም፤ በእንጨትና በጭቃ የሠራውም ቤት ቢሆን በሌላ ሰው መሬት ላይ የቆመ፣ አለበለዚያም በወር በወር የሚከፈልበት ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሥርዓት በአንድ ቀን ገለበጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተደነገገ። ከትርፍ ቤቶቹ ውስጥ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት በቀበሌ እጅ ሲገቡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ኪራዩም ቀነሰ፤ ቅናሹም ዝቅተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ከፍ ያለ ሆኖ ተወሰነ። በአንዲት ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ልጆች ያሳድግ ለነበረው የቀን ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አባወራው በየወሩ መጨረሻ የአከራዩን የበር ኳኳታ ከመፍራት ዳነ።

ነገር ግን አዋጁ የተጠነቀቀው በዚያን ጊዜ በቤቱ ውስጥ ለተገኘው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ለሚመጣው፣ ለሚወለደው፣ ለሚያገባው ያሰበው ነገር ጥቂት ነበር። ለግለሰብ ቤት ሠርቶ ማከራየት ስለ ተከለከለ አዲስ የኪራይ ቤት የሚሠራ አልተገኘም። ኪራዩም ለብዙ ዓመታት ሳይነካ በመቆየቱ ከቤቱ የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣሪያውን እንኳ ለማደስ የማይበቃ ሆነ። ቆርቆሮው ዝጎ ሲያፈስ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም ይላል፤ ተከራዩ ደግሞ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ እጁን ይሰበስባል። በዚህ መካከል ከገጠር የመጣው ዘመድና ያገባው ልጅ በዚያው ቤት ላይ ተጨመሩ፤ መጋረጃ ጋርደው ተኙ። ደባል የሚለው ቃል በከተማው ሰው አፍ የበረታውም በዚያን ዘመን ነው። ለአራትና ለአምስት ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ፣ ለሰፈሩ አንድ ቦኖ ውኃ፤ ተማሪውም የቤት ሥራውን የሚሠራው ሌላው ሰው ከተኛ በኋላ ነው።

ሆኖም በቀበሌ ቤት ላይ የሚፈርድ ሰው አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ለዝቅተኛው ገቢ በእርግጥ የደረሰው የኪራይ ቤት እርሱ ብቻ ነው። ቤቱ መጥፎ ነው፤ ኪራዩ ግን የሚቻል፣ ስፍራውም በከተማው እንብርት ነው። በኋላ የመጡት ዕቅዶች ቤቱን አሻሻሉ፤ እነዚህን ሁለቱን ግን ሳይተኩ ቀሩ።

በ1996 ዓ.ም. ገደማ የከተማው አስተዳደር በጀርመን የቴክኒክ ርዳታ በቦሌ ገርጂ የሙከራ ቤቶችን አሠርቶ ከዚያ በኋላ ወደ ሰፊው የጋራ ሕንፃ ሥራ ገባ። ከምድሩ በላይ እስከ አራት ፎቅ የሚደርሱ፣ አሳንሰር የሌላቸው፣ በብሎኬትና አስቀድሞ በተዘጋጀ የኮንክሪት ወራጅ የሚሠሩ ቤቶች ነበሩ። ብሎኬት የሚያመርቱ፣ ብረት የሚበይዱ፣ በርና መስኮት የሚገጥሙ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ተደራጅተው ሥራ አገኙበት። ከተማ በዚህ መጠንና በዚህ ፍጥነት ለነዋሪዋ ቤት ስትሠራ በአፍሪቃ እምብዛም አልታየም፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ተሠርተዋልና ይህን መካድ ነውር ነው። ለዕጣው ከሚቀርቡትም ቤቶች ከመቶ 30 እጁ ለሴቶች እንዲጠበቅ መደረጉ በራሷ ስም ቤት ኖሯት ለማታውቅ እናት ትልቅ ነገር ሆኗል።

በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ሲከፈት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተሰለፈ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ መልክ ሲመዘገብ ከ800,000 በላይ ሰው ቀረበ። ዕቅዱ በሦስት ተከፈለ፤ ገዢው ከቤቱ ዋጋ ከመቶ 10፣ 20 ወይም 40 እጅ አስቀድሞ ቆጥቦ የቀረውን ባንክ ያበድረዋል። 10/90 የተባለው የወር ገቢያቸው ከ1,200 ብር ለማይበልጥ ሰዎች የታሰበ ሲሆን ቤቱ ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ ብቻ፣ ቁጠባውም በወር 187 ብር ነበር። በ20/80 ባለ ሦስት መኝታ ቤት የፈለገ በወር 685 ብር ይቆጥብ ነበር።

እነዚህን ቁጥሮች ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። 187 ብር ከ1,200 ብር ላይ ሲነሣ ከመቶ 16 እጅ ያህል ነው። ይህ በወረቀት ላይ የሚቻል ይመስላል። ነገር ግን የሚቆጥበው ሰው በዚያው ጊዜ ለሚኖርበት ቤት ኪራይ ይከፍላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲደመሩ ለጤፍና ለደብተር የሚተርፈው ያንሳል። ከዚህም በላይ ባንኩ የሚያስበው በወር ነው፤ በጉልት ቃሪያና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ገቢ ግን የቀን ነው። ዛሬ 60 ብር ታገኛለች፤ ነገ ዝናብ ይጥልና ምንም አታገኝም። እርሷ የምታውቀው ቁጠባ ዕቁብ ነው፤ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚጣልበት፣ የታመመ ቢኖር ተራ የሚለቀቅለት፣ ዳኛውም ጎረቤት የሆነ። ስንቱ ሰው የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ ከዕቁብ አውጥቶ ለባንክ እንዳስገባ ቢጠየቅ ዕቅድ አውጪዎቹ ብዙ በተማሩበት ነበር።

በዚህ ላይ የሕዝቡ አነጋገር ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ገዛ የሚል ሰው እምብዛም አይሰማም፤ የሚባለው ደረሰው ወይም ወጣለት ነው። ገንዘቡን እየቆጠበ፣ ዕዳውንም ለዓመታት ሊከፍል ፈርሞ ሳለ፣ ቤቱ ግን እንደ ዕድል የሚወርድ ነገር ሆኖ ይነገራል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51,000 በላይ ለሚሆኑ ቤቶች ዕጣ ሲወጣ ከደረሳቸው መካከል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጠበቁ ነበሩ። በምዝገባው ዓመት የተወለደ ሕፃን በዚያን ጊዜ የ8ኛ ክፍል ትምህርቱን በሚጨርስበት ዕድሜ ላይ ደርሷል። በዚያው ዕጣ ውስጥ የነበሩት የኮዬ ፈጬ ቤቶች ደግሞ የወሰን ጥያቄና ተቃውሞ አስነሥተው ርክክባቸው ዘገየ፤ መሬቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት የገበሬ ማሳ ነበርና የከተማው ድኃ ቤት ሲያገኝ የገጠሩ ድኃ መሬት መልቀቁ ሊዘነጋ አይገባም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለሌሎች ከ25,000 በላይ ቤቶች የወጣው ዕጣ በኮምፒዩተሩ ላይ ማጭበርበር ተገኘበት ተብሎ ተሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። ለዓመታት የቆጠበ ሰው ዕጣው ርቱዕ መሆኑን ከተጠራጠረ ቁጠባውንም ይተዋል።

ቤቱ ከደረሰ በኋላ ምን ሆነ? የልደታ ሰፈር በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ገደማ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ምርጫ ቀረበላቸው፤ ያለ ዕጣ ኮንዶሚኒየም መግዛት፣ ወይም በሌላ ስፍራ ምትክ የቀበሌ ቤት መቀበል። ቅድሚያ ክፍያውን የቻለው ኮንዶሚኒየሙን ወሰደ፤ ያልቻለው እንደ ገና ወደ ሌላ አሮጌ ቤት ሄደ። ኮንዶሚኒየም ከደረሳቸውም ብዙዎቹ፣ በልደታም ሆነ በሌላው ስፍራ፣ የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ሲሉ ቤቱን አከራይተው ራሳቸው በርካሽ ክፍል ተከራዩ። ሕጉ ቤቱን ለአምስት ዓመት እንዳይሸጡ ከለከላቸው እንጂ እንዳያከራዩ አልከለከላቸውም፤ መከልከልም የሚጠቅም አይመስልም፤ ምክንያቱም ለአንዳንዱ ቤተሰብ የልጅ ትምህርት የሚከፈለው በዚያ ኪራይ ነው። ሆኖም ውጤቱ ሲታይ መንግሥት ለድኃው ብሎ በድጎማ የሠራው ቤት የመካከለኛው ገቢ ሰው መኖሪያ፣ የድኃው ደግሞ የገቢ ምንጭ ሆነ። ዕቅዱ ድኃውን ባለ ንብረት አደረገው፤ ቤት ግን አልሰጠውም።

በቤቱ የቀሩትም ቢሆኑ ኑሯቸውን እንደ አዲስ መማር ነበረባቸው። ዕቅድ አውጪዎቹ ይህን ፈጽመው አልዘነጉትም፤ ለተወሰኑ ሕንፃዎች አንድ የጋራ ቤት ሠርተው እንጀራ እንዲጋገርበት፣ ልብስ እንዲታጠብበት፣ በበዓልም በግ እንዲታረድበት አሰቡ። አሳቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ከአራተኛ ፎቅ ወርዳ ተራ ጠብቃ ስትጋግር ደንበኛዋ አራት ኪሎ ቀርቷል፤ እርሷ ያለችው ቦሌ አራብሳ ነው። ዕድሩ ተበተነ፤ አዲስ ዕድር እስኪቋቋምም የሞተ ሰው በባዕድ መካከል ተቀበረ። በአንዳንዱ ሰፈር ቤቱ ተሠርቶ፣ ሰው ገብቶ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ገና አልተሠራም ነበርና ልጆች በሁለት አውቶቡስ ወደ ቀድሞው ትምህርት ቤታቸው ይመላለሱ ነበር። በጠዋት በሁለተኛው ሰዓት ላይ እያንጎላጀ የተቀመጠውን ተማሪ የሚቀጣ መምህር ልጁ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደ ተነሣ ቢጠይቅ መልካም ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ ተነሥተው ወደ ዳርቻው ለሄዱትም ቤተሰቦች ጥያቄው ይኸው ነው።

እንግዲህ በከተማው ውስጥ ከሁሉ የሚበዛው ወገን፣ ዕጣም ያልደረሰው፣ የቀበሌም ቤት የሌለው፣ በግለሰብ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ሰው፣ ለረጅም ጊዜ በዕቅዱ ውስጥ ስሙ አልተጠራም። ወጣት መምህራንም ከዚህ ወገን ናቸው። የከተማው አስተዳደር ለመምህራን ቤቶችን በኪራይ የሰጠበትና የቤት አበል የወሰነበት ጊዜ አለ፤ አበል ግን ኪራይ በጨመረ ቁጥር ወደ አከራዩ ኪስ የሚያልፍ ነገር ነው፤ የሚጸናው ቤቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለተከራዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨበጥ ነገር አቀረበለት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው በሚወስነው መጠን ብቻ እንዲሆን ይደነግጋል። አከራዩም ሰው ነውና፣ ብዙ ጊዜም በጡረታ የሚኖር ሰው ነውና፣ ኪራዩ እንደ 1967ቱ ሳይነካ ቢቆይ ቤቱ ይፈርሳል፤ አዲስም አይሠራም። ከዚያ ዘመን የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው።

አዋጁ ግን አዲስ ቤት አይወልድም። የከተማው አስተዳደር ከሚያሠራቸው ሕንፃዎች ውስጥ የተወሰኑትን ሳይሸጥ በእጁ አስቀርቶ እንደ ገቢው መጠን በሚወሰን ኪራይ ቢያከራይ፣ ከኪራዩም ለእድሳት የሚሆነውን አስቀድሞ ቢለይ፣ የቀበሌ ቤት በጎ ጠባይ ያለ ጉድለቱ ይገኝ ነበር። ቦታውም በዳርቻው ብቻ ሳይሆን በሚፈርሱት ሰፈሮች ውስጥ መሆን አለበት፤ ጉልቱ፣ ዕድሩና ትምህርት ቤቱ ያሉት በዚያ ነውና።

ለትምህርት ቤት ኃላፊዎች ደግሞ በእጃቸው ያለ አንድ ጉዳይ ይቀራል። የኪራዩ ውል በሚመዘገብበት ወረዳ ውሉ የሚያልቅበት ቀን በሐምሌ ወይም በነሐሴ እንዲወድቅ ቢጠየቅ አከራዩ የሚያጣው የለም። የወላጆች ኮሚቴ ይህን ጥያቄ ለወረዳው ቢያቀርብ፣ የተማሪው ቤተሰብ ቢለቅ እንኳ የሚለቀው በክረምት ይሆናል፤ ልጁም የሰኔውን ፈተና ከመስከረሙ ወንበር ሳይነሣ ይጨርሳል።