የእማዬ ጋን
(በምሩቃን መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራሽ ትንሽ ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ስኳርና ደም ግፊት ታካሚዎቼ ላወራ ነበር ያሰብኩት። እሱን ሻይ ላይ እንጨዋወታለን። ዛሬ የማወራችሁ በአርባ ሦስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለጠመቅኩት ጠላ ነው። ሳቁ፣ ችግር የለም።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ዕዳ አለብኝ። አንደኛ ዓመት ዶርም ውስጥ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ስትሉኝ «ነጋዴ ናት» ብያችሁ ነበር። ከጉራጌ የመጣች ልጅ እናቴ ነጋዴ ናት ስትል ማን አጣርቶ ይጠይቃል? እናቴ ቡታጅራ ውስጥ ጠላ ሻጭ ነበረች። ደጃችን ላይ እንጨት ተተክሎ ጣሳ ተደፍቶበታል። የመጀመሪያ ማዳመጫዬ የተገዛው በጠላ ብር ነው።

የኬጅን አራት ጥያቄዎች ታስታውሳላችሁ፤ አንዱ «በመጠጥ ምክንያት ጥፋተኝነት ተሰምቶህ ያውቃል?» ይላል። ታካሚ ስጠይቅበት ኖሬያለሁ። እኔ ራሴ አልጠጣም፤ ብጠየቅ ግን መልሴ «አዎ» ነው።

አምና እማዬን ስትሮክ መታት፤ ቀኝ እጇ ደከመ። ወልቂጤ እኔ ዘንድ አመጣኋት። መስቀል ሲቃረብ «ጠላ ሳይጠመቅ?» አለች። «እማዬ፣ አንድ ሁለት ሳጥን ቢራ እንገዛለን፤ ፋብሪካውም ጉብሬ፣ አፍንጫችን ሥር ነው» አልኳት። «ቢራ ለእንግዳ ነው፤ ጠላ ለቤት» ብላ ዘጋችው። እሷ አልጋ ላይ ሆና ልታዝ፣ እኔ ልሠራ ተስማማን።

ጋኑን በግራዋ እጠቢው፣ በወይራ እጠኚው ብላኛለች። እኔ ግን ሐኪም ነኝ! በበረኪና ዘፈዘፍኩት። ጌሾውን ወቅጬ ጠነሰስኩ፣ ከቀናት በኋላ ብቅሉንና እንኩሮውን ጨመርኩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን፤ ድፍድፉ ዝም። በጭልፋ ቀድቼ አቀረብኩላት። አሸተተችና «ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል» አለች።

ለጠላ እርሾ ከሱቅ አንገዛም፤ ከጌሾው፣ ከእህሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ ነው የሚመጣው። ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ እርሾው ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ሸክላ ደግሞ ይመጣል፤ በረኪናውን ጠጥቶ ቁጭ ብሏል። ሁለቴ በማለቅለቅ የሚወጣ መስሎኝ! ባዮኬሚስትሪ ያስተማራችሁኝ መምህር እዚህ ካላችሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ቢራ ፋብሪካዎቻችንን ድሮም አደንቃለሁ፤ አሁን ደግሞ የባሰ። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ እየጠመቀ ነው። የጉብሬው ዘቢዳር ስሙን የያዘው ከትልቁ የጉራጌ ተራራ ነው። የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን የተመረጠ እርሾ፣ የሚለካ ሙቀት፣ ንጹሕ የብረት ጋን ያስፈልጋል፤ እኔ አንዱን እንኳ ማስነሣት አቅቶኛል። ግን እማዬ ያለ ቴርሞሜትር፣ ያለ ላቦራቶሪ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሳይሸሻት እንዴት ጠመቀች? ልጅ ሆኜ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጥፋ ስታዳምጥ አያት ነበር። አፍር ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ስለ ሊዮፖልድ አውንብሩገር ተማርን፤ ደረትን በጣት እያንኳኩ መመርመርን በ1761 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሐኪም። አባቱ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው፤ ልጁ ነገሩን ያየው የወይን በርሜል ሲያንኳኩ ነው ይባላል። ክፍሉ በሙሉ ተደነቀ። እኔ ግን ያኔም «የኔም እናት» አላልኩም።

ጠላን ልባርክላችሁ አልመጣሁም። ዎርድ ውስጥ ጉበቱ የተበላሸ፣ ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው ሳይ የኛን ቤት አግዳሚ ወንበር አስታውሳለሁ፤ እዚያ ከተቀመጡት አንዳንዶቹ ቀድመው ሞተዋል። ይህንንም እማዬ ታውቃለች። «በቃህ» ብላ የመለሰቻቸው ነበሩ፤ ያልመለሰቻቸውም ነበሩ፤ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ወር ሲሆን በተለይ።

ከጎረቤት ሌላ ጋን ተዋስኩ። ግራዋ፣ ወይራ፣ እንደታዘዝኩት። በሦስተኛው ቀን «ጆሮሽን አስጠጊ» አለችኝ። አስጠጋሁ። ሥር ላይ ደቃቅ ድምፅ፣ ልክ ሳንባ መሠረት ላይ እንደምንሰማው ዓይነት። «ፈላ?» አለች። «ፈልቷል» አልኳት፤ እንባዬ መጣ፤ ጭሱ ነው አልኩ።

የደመራ ዕለት ቀመሰች። «ጌሾ በዝቶበታል» አለችና ጣሳውን በግራ እጇ መልሳ ዘረጋችልኝ። የደም ግፊት መድኃኒቷን እኔው ነኝ የማዝላት። ግማሽ ብቻ ቀዳሁ። ጣሳውን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

«ጎደሎ መስፈር ማን አስተማረሽ?» አለች።