ከበረታችን የሚወጣው ሀብት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ብዙዎቻችሁ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስለ ጠፈር መንኰራኵር ወይም ስለ ኮምፒዩተር ይናገራሉ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ የመረጥነው ግን ስለ እበት መናገርን ነው። ይህን ስንሰማ ፈገግ የምንል እንኖር ይሆናል፤ ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ተማሪዎች የብዙዎቻችን ደብተርና ጫማ የተገዛው ወይፈን ተሽጦ፣ ቅቤ ወደ ገበያ ወጥቶ ስለ ሆነ፣ ስለ በረት መናገር ሊያሳፍረን አይገባም።

ሀገራችን ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጉ የቀንድ ከብቶች እንዳሏት ይነገራል፤ በዚህም በአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። ሆኖም እናት ማገዶ አጥታ ግማሽ ቀን ትባዝናለች፤ አባትም ማሳው ስለ ደከመበት ማዳበሪያ በብድር ይገዛል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

እንጨት በጠፋበት ደጋ አገር እበቱ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ኩበት በነደደ ጊዜ ሰብልን የሚያፋፋው ናይትሮጂን ከጢሱ ጋር ይሄዳል፤ አፈርን አለስልሶ ውኃ እንዲይዝ የሚያደርገውም ብስባሽ ይጠፋል። የሚቀረው አመድ ብቻ ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ከደጅ ይደፋል። እንግዲህ በአንዱ እጃችን ያቃጠልነውን በሌላው እጃችን እንገዛለን ማለት ነው። ጢሱ ደግሞ የእናቶቻችንን ዐይን ያቀላል፤ በጀርባቸው የታዘሉትንም ሕፃናት ደረት ይጐዳል። ይሁን እንጂ እናቶቻችንን ልንወቅስ አይገባንም። ሌላ ማገዶ የሌላት ሴት ልጆቿን ጥሬ ልታበላ አትችልም። ወቀሳው የሚገባው ሌላ መንገድ እንዳለ እያወቀ ዝም ለሚል የተማረ ሰው ነው።

ያም መንገድ ባዮጋዝ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1776 ጣልያናዊው ሊቅ አሌሳንድሮ ቮልታ ከረግረግ ውኃ እየተንፈቀፈቀ የሚወጣውን አየር ሰብስቦ እሳት ቢያቀርብለት ነደደ። ይህ አየር ዛሬ ሜቴን የምንለው ነው። አሠራሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠላ በጋን ውስጥ ሲፈላ፣ ሊጥም ሲቦካ ዐይን የማያያቸው ሕዋሳት ሥራ ላይ ናቸው። እበትም ከውኃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ ሌሎች ባክቴርያዎች እየበሉት ጋዝ ያወጣሉ። ከዚህ ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው ሜቴን ሲሆን፣ የቀረው አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

በገጠር የሚሠራው ማብላያ ከመሬት በታች በድንጋይና በሲሚንቶ የሚገነባ፣ ጣራው እንደ ጉልላት የሆነ ጉድጓድ ነው። በአንድ ወገን እበቱና ውኃው እኩል በእኩል ተበጥብጦ ይገባል፤ ጋዙ ከጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፤ በግፊቱም ዝቃጩን በሌላው ወገን ወደ መውጫው ይገፋዋል። ቧንቧው ሲከፈት ዝቃጩ ተመልሶ ጋዙን ወደ ምድጃው ይሰድደዋል። የሚሽከረከር ነገር፣ ነዳጅ የሚጠጣ ሞተር የለበትም። አራት ወይም አምስት ከብት ያለው ቤተ ሰብ በየቀኑ 30 ኪሎ ያህል እበት ከ30 ሊትር ውኃ ጋር ቢያስገባ፣ በሞቃት ስፍራ ሦስት ሰዓት ያህል የሚነድ ጋዝ ሊያገኝ ይችላል። ይህም ወጥ ሠርቶ፣ ቡና አፍልቶ፣ ማታም ልጆች የሚያጠኑበትን መብራት ለማብራት ይረዳል። መጸዳጃ ቤትም ከማብላያው ጋር ሊያያዝ ይችላል። ገለባና አገዳ ግን እንዳለ ቢገባ ከላይ ተንሳፍፎ መንገዱን ይዘጋል፤ እርሱ ከዝቃጩ ጋር በጉድጓድ ቢበሰብስ ይሻላል።

ከሁሉም የሚደንቀው፣ እሳቱን ከሰጠ በኋላ እበቱ አለመጥፋቱ ነው። ናይትሮጂኑ፣ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በዝቃጩ ውስጥ ይቀራሉ፤ እንዲያውም የናይትሮጂኑ ከፊል ተክል ፈጥኖ ወደሚወስደው መልክ ይለወጣል። ነገር ግን ዝቃጩ በፀሐይ ተሰጥቶ ቢደርቅ ያ ሀብት በንኖ ይሄዳል። ስለዚህ ዳስ በተጣለበት ጉድጓድ አጠራቅሞ፣ በገለባና በአረም እያደባለቁ ማብሰል፣ ከዚያም ወደ ማሳው አውጥቶ ወዲያው ከአፈር ጋር ማዋሐድ ይገባል። አንዱ እበት ምድጃውንም ማሳውንም አገለገለ ማለት ይህ ነው።

ይህ ዕውቀት ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ማብላያ የተሠራው በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ጋዙም ለእርሻ መሣሪያዎች ብየዳ እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች ተጀመረ። እስከ 2013 ድረስ 14,000 ማብላያዎች ለመሥራት ታቅዶ የተሠሩት ከ8,000 ጥቂት የሚበልጡ ነበሩ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ከተሠሩት መካከል ሥራ ያቆሙ አሉ። ያቆሙበትም ምክንያት የታወቀ ነው፤ በአንዱ ቤት ከብቱ ተሽጧል፤ በአንዱ ውኃው ሩቅ ነው፤ በሌላው ደግሞ ቫልቭ ተበላሽቶ መለዋወጫም ጠጋኝም አልተገኘም። በደጋ ብርድ ባክቴርያዎቹ ስለሚሰንፉ ጋዙ ያንሳል። ዋናው ችግር ግን እንጀራ ነው። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ለድስት እንጂ ለሰፊው ምጣድ አልተሠራም፤ እንጀራ ደግሞ ከማገዶው ብዙውን የሚበላ ነው። ለምጣድ የሚሆን ምድጃ ለማውጣት ሙከራ ተደርጓል፤ ነገር ግን በየቤቱ ገና አልገባም። ስለዚህ ባዮጋዝ ጢስን ሁሉ ያስቀራል ብንል ወላጆቻችንን ማታለል ይሆንብናል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ችግር እንድንተወው ያደርገናልን? እኛስ አይመስለንም። የላላ ቫልቭ የሚጠበቀው በመፍቻ ነው። ጋዙ የሚያመልጥበት ቦታ የሚታወቀው የሳሙና አረፋ ቀብቶ በማየት ነው፤ አረፋው ከተነፋ ቀዳዳው እዚያ ነው። ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ያመለጠው ሜቴንም ለቤቱ ኪሳራ ከመሆኑ ሌላ፣ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ አብልጦ ምድርን የሚያሞቅ ስለ ሆነ፣ ማብላያን ሠርቶ ሳይጠብቁ መተው ጕዳት ነው። አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን፤ በማብላያው አጠገብ እሳት መለኰስ፣ ለጥገናም ብሎ ወደ ጉድጓዱ መግባት ሕይወት ያጠፋል።

እኛ በዚህ ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት እንሰናበታለን። ወላጆቻችን ወደዚህ የላኩን ከበረት እንድናመልጥ ነው ብለን የምናስብ እንኖራለን። እነርሱ የላኩን ግን ዕውቀት ይዘን እንድንመለስ ጭምር ነው። ሐኪምም መሐንዲስም መሆን የተገባ ምኞት ነው፤ ዳሩ ግን የኬሚስትሪ ትምህርታችን ከፈተናው ወረቀት አልፎ የእናታችን ምድጃ ዘንድ ካልደረሰ፣ የተማርነው ለማን ነው? ስለዚህ በመጪው ክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ ሁለት ነገር ለማድረግ ተስማምተናል። ማብላያ ባለበት ሠፈር የቆመውን አይተን፣ የቆመበትን ምክንያት መዝግበን፣ በእጃችን የሚጠገነውን ጠግነን፣ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለወረዳው ባለሙያ እናስታውቃለን። ማብላያ በሌለበት ደግሞ ከየቤታችን ጓሮ አንድ ዳስ ያለው የፍግ ጉድጓድ እንቆፍራለን፤ ለዚህ አካፋና ዶማ ይበቃል። ለአንድ ሰው ከባድ ቢሆን፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና ተረዳድተን እንሠራዋለን።

ከእኛ በኋላ የምትቀሩ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ የምንጀምረውን መዝገብ ተቀብላችሁ እንድትቀጥሉት አደራ እንላለን።